ወንድሜ ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ፕላትፎርም ሥራ አገኘ፤ የሄሊኮፕተሩ ነገር ግን እናቴን እንቅልፍ ነሥቷታል

የገላን እህት | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ረዳት ኩክ ነበር። አሁን ባሕር ላይ ባለ የነዳጅ ማውጫ ፕላትፎርም ምግብ የሚያቀርብ ድርጅት ሊገባ ነው። ደመወዙ ከበፊቱ በጣም ይሻላል። ቪዛው እስኪመጣ እዚሁ ገላን እኛ ጋ ነው ያለው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ወደ ሥራ የሚያመላልሳቸው ሄሊኮፕተር ነው። አንዱ ደግሞ ለእናቴ ስልክ ላይ ቪዲዮ አሳያት። ሄሊኮፕተሩ ሊያርፍ ሲል ዞሮ ዞሮ ባሕር ውስጥ ሲገባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ልጄን ውሃ ላይ አልልክም» ብላ ቁጭ ብላለች። ቡና ስታፈላ እንኳን እሱን እያየች እንባዋ ይመጣል። እሱ ይስቃል፤ ያ ደግሞ ይብስ ያናድዳታል።

ጥያቄዬ፦ ይሄ ነገር እውነት ያን ያህል ያሰጋል? እዚያ ላይ ማረፍ ምኑ ነው የሚከብደው? እሱስ ከመፈረሙ በፊት ምን ይጠይቅ? «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የምትሉኝን አመሰግናለሁ፤ እሱን እናቴም ታውቀዋለች። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው።

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ | ሰኞ፣ ማታ 2፡31

ባሕር የሌለው አገር ልጆች የባሕር ሄሊኮፕተር ልናወራ ነው። ወንበር ይዤ ተቀምጫለሁ። ወንድምሽ ከተሳካለት ለእኔም ቦታ ይፈልግልኝ፤ ድንች መላጥ እችላለሁ።

ጡረተኛው መካኒክ | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ሰላም ልጄ። እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሄሊኮፕተር ስጠግን ነው ያረጀሁት። አሁን ዱከም ነኝ፤ ጎረቤት ነን ማለት ነው። ባሕር ላይ አልሠራሁም። የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ማንበብ ግን እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ አመል ነው።

መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሜዳ አስቢው። ከባሕሩ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ጠፍጣፋ ወለል ነው። ስፋቱ ሄሊኮፕተሩ ሮተሩ (የሚዞረው ክንፉ) እየዞረ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለው ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ሰሜን ባሕር ላይ የሚሠራው ሲኮርስኪ ኤስ-92 ወደ 21 ሜትር ነው። ሜዳው መሐል ላይ ቢጫ ክብና ትልቅ ኤች ይሣላል። ጠርዙ ላይ አረንጓዴ መብራት አለ። ከጠርዙ ውጭ ደግሞ ሰው ቢወድቅ የሚይዝ 1.5 ሜትር ያህል የሚዘረጋ መረብ። የፕላትፎርሙ ስም በትልቁ ወለሉ ላይ ይጻፋል። ለምን መሰለሽ? ፕላትፎርሞቹ ስለሚመሳሰሉ አብራሪ ተሳስቶ ሌላው ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ። እዚያ ደግሞ ማንም አልጠበቀውም፤ ክሬኑ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ደንቡ ከዙሪያው 210 ዲግሪው ከእንቅፋት ነጻ ይሁን ይላል። በቀረው በኩል ግን ክሬን፣ አንቴና፣ ጋዝ የሚቃጠልበት ማማ አለ። አብራሪው ፊቱን ነው የሚያየው፤ ጭራውን አያይም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990 ሰሜን ባሕር ላይ ብሬንት ስፓር በሚባል የነዳጅ ማከማቻ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ኤስ-61 የሚባል ሄሊኮፕተር ሊያርፍ ሲል የጭራው ሮተር የክሬን መደገፊያ ብረት ነካ። ሜዳው ላይ ወደቀ፣ ከዚያ ተንሸራቶ ባሕር ገባ። ከ13 ሰው 6ቱ ሞቱ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ጭምር።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ፕላትፎርም በባሕር መሐል የቆመ ፎቅ ነው። ነፋሱ እሱን አልፎ ሲመጣ ይረበሻል። ከተርባይኖቹ የሚወጣው ትኩስ አየርም አለ። በደንቡ 2 ዲግሪ ጭማሪ እንኳን ለአብራሪው ሊነገር የሚገባ ነገር ነው። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሮተሩ የሚይዘው ያጣል። እኛ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንሠራ ይህን ማንም አያስተምረንም። በጋ እኩለ ቀን ላይ ሚ-8 ጭነት ይዞ ሲነሣ ያየ ሰው ይገባዋል። ባሕር ላይ አየሩ ወፍራም ነው፣ ያ ጥሩ ነው። ግን ሊያርፍ የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ድንገት ሲሳሳበት አብራሪው የሚያስብበት ጊዜ የለውም። ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2013 ከፕላትፎርሙ የተለቀቀ ሜቴን ጋዝ ሞተር ውስጥ ገብቶ፣ ሄሊኮፕተሮች ገና ሲነሡ ጉልበት አጥተው ባሕር ላይ ወርደዋል።

ሦስተኛው የእኛ የመካኒኮች ጉዳይ ነው፤ እኔን ሌሊት የሚያነቃኝም እሱ ነው። በዲሴምበር 2016 ዌስት ፍራንክሊን በሚባል ፕላትፎርም ላይ ኤስ-92 ሊያርፍ ሲል የጭራው መቆጣጠሪያ ከዳው። ሜዳው ላይ እንደ እንዝርት ዞረ። ጎማዎቹ ወለሉን ቦርቡረውታል። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ምክንያቱ አንድ ኩሽኔታ ነው። ሄሊኮፕተሩ ላይ ንዝረት የሚመዘግብ ሲስተም አለ። ኩሽኔታው ከልክ በላይ መንዘሩን በዋዜማው መዝግቦ ነበር። ማታ በተደረገው ፍተሻ ግን ሳይታይ ታለፈ። ዳታው ተቀምጧል፣ ሰው አላየውም! እኔ ይህን ሳነብ ሪፖርቱን ዘግቼ ግቢ ውስጥ ዞርኩ።

ኮዬ ፈጬ ምሽት | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ ዕውቀትዎን አከብራለሁ፤ ግን ልጅቷን አስፈራሯት እንጂ ምን አሏት? ቀኑ የደረሰ ሰው አልጋው ላይም ይሞታል። ከቃሊቲ እስከ ገላን ማታ በሚኒባስ የሚመጣ ሰው ሄሊኮፕተር ያስፈራዋል እንዴ? ይሂድና ይሥራ።

ጡረተኛው መካኒክ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10

ልጄ፣ «ቀኑ ነው» የሚል መካኒክ እኔ ሥር አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር። ብሎኑን ያላጠበቀ ሁሉ ቀን ላይ ነው የሚያላክከው። አይሂድ አላልኩም። በየቀኑ ብዙ ሺህ ሰው በሰላም ይመላለሳል። ጠይቃ ነው የመለስኩላት።

የቡራዩ ፊዚክስ | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡40

ጋሽ መካኒክ ስለ ብረቱ ተናግረዋል፤ እኔ ስለ ዓይን ልጨምር። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ስለሆኑ ጊዜ አለኝ።

ሌሊት፣ ጭጋግ፣ ከታች ጥቁር ባሕር። የሚታየው አንድ የመብራት ክምር ብቻ ነው። አድማስ የለም። ዓይን ርቀትና ከፍታ የሚለካው በዙሪያው ካሉ ነገሮች ጋር እያነጻጸረ ነው። ማነጻጸሪያ ሲያጣ ይዋሻል። በፌብሩዋሪ 2009 ሰሜን ባሕር ላይ ኤታፕ ወደሚባል ፕላትፎርም ሲቃረብ የነበረ ሱፐር ፑማ የሚባል ሄሊኮፕተር እንዲህ ነው የሆነው። ሞተሩ ደኅና ነው፣ ሮተሩ ደኅና ነው። አብራሪዎቹ ገና ከፍ ያሉ መስሏቸው ቀስ ብለው ባሕር ላይ ወረዱ። 18 ሰዎች ነበሩ፣ 18ቱም ተረፉ። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት።

ሁሉም ግን እንዲህ አያልቅም። በማርች 1992 ከኮርሞራንት አልፋ ፕላትፎርም በሌሊት የተነሣው ሄሊኮፕተር ሠራተኞቹን አጠገቡ ወዳለ ማደሪያ መርከብ ነበር የሚያደርሰው። ርቀቱ 200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ትምህርት ቤት በር እስከ ታክሲ ተራው። በከባድ ነፋስና በረዶ ዞሮ ነፋሱ ከኋላው ሲሆንበት ፍጥነት አጥቶ ወደቀ። ከ17ቱ 11 ሞቱ። ከእነሱም ውስጥ ከሄሊኮፕተሩ ወጥተው ሳለ ባሕሩ ላይ የቀሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ስኮትላንድ፣ ሰምበራ አየር ማረፊያ ሊያርፍ የነበረው ደግሞ ፍጥነቱ ሲቀንስ አብራሪዎቹ በጊዜ አላዩትም። ወደቀ፣ ወዲያው ተገለበጠ። ከ18ቱ 4 ሞቱ።

«ይሄ የቀዝቃዛ ባሕር ነገር ነው» እንዳትሉ፣ በጁን 2022 ሕንድ፣ ሙምባይ ፊት ለፊት ሳጋር ኪራን ወደሚባል ሪግ ሲቃረብ የነበረ ሲኮርስኪ ባሕር ውስጥ ገባ። 9 ነበሩ፣ 4 ሞቱ። ያ ሞቃት ባሕር ነው፤ ወንድምሽ የሚሄድበት ዓይነት።

ልብ በሉ፣ ሄሊኮፕተር ውሃ ላይ ሲወርድ የሚገለበጠው በተፈጥሮው ነው። ሞተሩም ማርሹም ከላይ ነው ያለው። ክብደቱ አናቱ ላይ ነው። ጎኑ ላይ የሚነፉ ተንሳፋፊ ከረጢቶች አሉት፤ ማዕበል ካለ ግን እነሱም ሁልጊዜ ቀጥ አድርገው አይይዙትም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው «ወደቀ፣ አለቀ» ይላል። አይደለም። ብዙዎቹ ምቱን ይተርፋሉ። ጥያቄው ተዘቅዝቆ፣ ውሃ በሞላ ጨለማ ክፍል ውስጥ መስኮቱን ማግኘት ነው።

ለገጣፎ ሱቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

የገላን እህት፣ እኔ ኳታር ፕላትፎርም ላይ ስቱዋርድ ነበርኩ። አልጋ ማንጠፍ፣ ጠረጴዛ መጥረግ። አሁን ለገጣፎ ሱቅ ከፍቻለሁ። መምህሩ ያሉት ትክክል ነው፤ ለዚያ የሚሰጥ ሥልጠና አለ፤ ወንድምሽ ሳይወስድ እንዳይበር።

እንዲህ ነው። ገንዳ አለ። ገንዳው ላይ የሄሊኮፕተር ሆድ የሚመስል ብረት ሣጥን በክሬን ተንጠልጥሏል። ገብተህ ቀበቶ ታስራለህ። አሠልጣኙ «ብሬስ! ብሬስ!» ሲል ትጎነበሳለህ። ሣጥኑ ይወርዳል። ውሃው ጫማህ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጉልበትህ፣ ከዚያ ደረትህ። አገጭህ ጋ ሲደርስ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ትስባለህ። ከዚያ ይገለበጣል። ውሃው በአፍንጫህ ገብቶ እስከ ግንባርህ ያቃጥልሃል። ላይና ታች ይጠፋሃል። አንድ እጅህ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የመስኮቱን ጠርዝ ይዟል፤ እሱ አይለቅም። ሌላው ቀበቶው ላይ ነው። እስኪቆም ትጠብቃለህ። መስኮቱን በክርንህ ገፍተህ ትጥለዋለህ። ቀበቶ የሚፈታው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድመህ ከፈታህ ትንሳፈፍና መስኮቱ የት እንደነበር ይጠፋሃል። አብሮኝ የነበረ አንድ ናይጄሪያዊ ሁለት ሜትር የሚያህል ሰው ነው፤ መጀመሪያ ዙር ላይ ቀበቶውን ቀድሞ ፈታና ጠላቂዎቹ በሸሚዙ ጎትተው አወጡት። ሦስተኛው ዙር ላይ ከሁላችን ቀድሞ ወጣ።

ሰርተፍኬቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው 4 ዓመት ነው። ከዚያ ይታደሳል።

ሌላው፣ ስታርፉ ሮተሩ አይቆምም። የሜዳው ኃላፊ በእጁ ምልክት እስኪሰጥ ማንም አይነሣም። ኮፍያ የለም። ሻንጣ ትከሻ ላይ የለም። ወደ ጭራው በኩል ዝር ማለት የለም። ጥግ ላይ የእሳት አደጋ ልብስ የለበሱ ሰዎች አረፋ መርጫውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ጊዜ ገና ልናርፍ ስንል ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ። አብራሪው ትቶት ዞሮ ተነሣ። ሁላችንም ተያየን። ለካ ፕላትፎርሙ ላይ የጋዝ ማንቂያ ጮኾ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አረፍን።

አያት ጨፌ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ለገጣፎ ሱቅ፣ የሕይወት ጃኬቱንስ? ኮሞሮስ ላይ የወደቀው የእኛው አውሮፕላን ትዝ አለኝ።

ለገጣፎ ሱቅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡28

በትክክል። መጀመሪያ የሚነግሩህ እሱን ነው። ጃኬቱ ሳይነፋ ታስረዋለህ፤ የምትነፋው ከወጣህ በኋላ ነው። ውስጥ ከነፋኸው ወደ ጣሪያው ይለጥፍሃል፣ ጠልቀህ ወደ መስኮቱ መውረድ አትችልም። አሠልጣኛችን እንግሊዛዊ ነው፤ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲያውቅ የኢትዮጵያ አየር መንገዱን በረራ 961 ጠቅሶ ነው ያስረዳው። ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

አያት ጨፌ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡41

ለማያውቁት፦ ኅዳር 1989 ነው። ጠላፊዎቹ ካፒቴኑን «አውስትራሊያ ውሰደን» ብለው ነዳጅ አስጨረሱት። ካፒቴን ልዑል አባተ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕሩ ላይ አሳረፈው። 175 ሰዎች ነበሩ፣ 125 ሞቱ። ጃኬታቸውን ውስጥ እያሉ ነፍተው መውጣት ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። የሰፈራችን ሰው ሁሉ ያን ሰሞን ያወራ የነበረው ስለ ጠላፊዎቹ ነው። ስለ ጃኬቱ ያወራ አላስታውስም።

የገላን እህት | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ 18ቱም የተረፉበትን ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። «እስቲ ድገሚው» አለችኝ፣ ሦስተኛም አነበብኩ። ሌላውን ዘልዬዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

ግን ትናንት ማታ ለወንድሜ ስለ ሥልጠናው ስነግረው ፈገግ ብሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ደላላው ሰርተፍኬቱን ሳልነከር ያወጣልኛል» አይለኝም! ገንዳ የለ፣ ምን የለ። ብር ብቻ። አሠሪዎቹ ያለ ሰርተፍኬት አይቀበሉም ብሎታል። እስካሁን አልከፈለም፤ አርብ ሊከፍል ነው።

ጡረተኛው መካኒክ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡12

አርብ ምንም አይከፍልም።

ኮዬ ፈጬ ምሽት | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡30

እኔ እንጃ። አገሩ ሁሉ በወረቀት ነው የሚሠራው። መንጃ ፈቃድስ እንዴት እንደሚወጣ አናውቅም እንዴ? ብሩ ከረከሰ ያውጣና ይግባ፣ ከገባ በኋላ ይማራል።

ለገጣፎ ሱቅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡48

ኮዬ፣ አንተ ሰው ጤነኛ ነህ? የውሸት መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ፍሬን ይረግጣል፣ ጥግ ይይዛል። ተዘቅዝቆ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ወረቀቱን ለማን ነው የሚያሳየው? ደግሞ ራሱን ብቻ አይደለም። አጠገቡ የተቀመጠው በእሱ መስኮት ነው የሚወጣው። እሱ ደንግጦ ቀበቶው ላይ ከተንጠለጠለ ሌላውንም ዘጋበት።

የመድረኩ አስተባባሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡15

ከዚህ በታች የነበሩ ስድብ ያለባቸው ሦስት መልሶች ተነሥተዋል። የደላላውን ስልክ ቁጥር የለጠፋችሁም አንሡ፤ ለዚያ የሕግ ቦታ አለ።

የቡራዩ ፊዚክስ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡50

ደላላውን ትቶ ራሱ ለአሠሪው ይደውል። ብዙ ጊዜ ሥልጠናውን ድርጅቱ ነው የሚከፍለው። አብሮም ይጠይቅ፦ የሄሊኮፕተሩ ዓይነት ምንድን ነው? በሌሊት ይበራል ወይስ በቀን ብቻ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2014 ግምገማዋ በኋላ ተሳፋሪ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት መሣሪያ እንዲይዝ አስገድዳለች። እሱ የሚሄድበት ይህ አለ ወይ? ከሁሉ በላይ፣ አየሩ አስፈርቶት «ዛሬ አልሳፈርም» ቢል ከሥራ ያባርሩታል ወይ? መልሱን ሲያቅማሙ ይሰማዋል።

ወንድምየው | ሐሙስ፣ ማታ 1፡10

ሰላም። የተወራብኝ እኔ ነኝ። እህቴ ስልኬን ነጥቃ ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አስነበበችኝ።

አሠሪዎቹ ጋ ደውያለሁ። ሥልጠናው በእነሱ ወጪ ነው፤ እንደደረስኩ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይሰጡኛል። ከዚያ በፊት አልበርም። ደላላው የፈለገው ለኪሱ ነው። ሄሊኮፕተሩ ኤደብልዩ 139 ነው። የሚበሩት በቀን ነው፤ ሌሊት የታመመ ሰው ለማውጣት ብቻ። አልሳፈርም ማለት ይቻላል ወይ ስላቸው ሴትየዋ ወዲያው «ይቻላል፣ ጽሑፍ አለን፣ በኢሜይል እልክልሃለሁ» አለችኝ። ልካዋለች።

አንድ ነገር ግን አለ። የደላላው ሐሳብ ደስ ያለኝ ለብሩ አይደለም። ዋና አልችልም። ገላን ተወልጄ ያደግኩ ሰው የት እማራለሁ? ዱባይም ገንዳውን ከኩሽና መስኮት ነው የማየው። እናቴ እንዳትሰማ።

ለገጣፎ ሱቅ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡32

አይዞህ ወንድሜ። አብረውኝ ከሠለጠኑት ዋና የማይችሉ ነበሩ፤ አለፉ። መጀመሪያውኑ ለአሠልጣኙ ንገረው፤ ጠላቂ አጠገብህ ያቆማል። ዋናተኛ መሆን አይጠበቅብህም። የሚጠበቅብህ ፊትህ ውሃ ውስጥ ሲገባ አለመደንገጥ ነው። እሱን እዚሁ ልትለማመድ ትችላለህ።

ጡረተኛው መካኒክ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡50

ሶደሬ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ደብረ ዘይት ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ከአንዱ ዘበኛ ጋር እንተዋወቃለን። ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዱከም መገንጠያው ላይ ጠብቀኝ።

ወንድምየው | ሐሙስ፣ ማታ 1፡58

ጋሼ እርስዎን ማስቸገር አይሆንም?

ጡረተኛው መካኒክ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡03

ጡረተኛ ነኝ ልጄ። ቅዳሜ ምን ሥራ አለኝ? ለገጣፎ ሱቅ፣ አንተም ና፤ አሠራሩን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ ቆሜ ሰዓት እይዛለሁ።

ለገጣፎ ሱቅ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

እመጣለሁ፣ ሱቁን ለልጁ ትቼ። ወንድምየው፣ ያረጀ ሱሪና ሸሚዝ ያዝ፤ የምንለማመደው በልብስ ነው። የአፍንጫ መያዣ አትግዛ፣ ያለሱ ነው የምትለምደው። መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው በኩል ጠርዙን በአንድ እጅህ ይዘህ ዓይንህን ውሃ ውስጥ ትገልጣለህ። ከዚያ ጭንቅላትህን ወደ ታች አድርገህ እስከ አሥር ትቆጥራለህ። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፤ ጠዋት ጥብስ በልተህ እንዳትመጣ።